አምስት ሆነን በጎማ ላይ ቤት ልንኖር ነው፤ የቱን እንግዛ?

«ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የተከራየነውን ቤት ለቀን ሙሉ ጊዜያችንን በተንቀሳቃሽ ቤት ለመኖር ከወሰንን ስምንት ወር ሆነን። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው 8፣ ትንሹ ገና 2 ዓመት ሞላው። ባለቤቴ ሥራው በኮምፒውተር ስለሆነ የትም ሆኖ ይሠራል። ብሮሹር አይተን አይተን ዓይናችን ፈዘዘ። እሱ ሞተሩ አብሮት ያለውን ይወዳል። እኔ ደግሞ በፒካፕ የሚጎተተው ይሻላል ባይ ነኝ። አዲስ ይሁን ያገለገለ? ከገዛን በኋላስ ምኑን እንቀይር? ትልቋ ልጄ ወሬው በተነሳ ቁጥር ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ይቅርታ፣ ደብዳቤዬ ረዘመ።»
የሦስት ልጆች እናት

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ አልረዘመም። እንዲያውም አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎታል፤ እመለስበታለሁ። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆች ጋር አምስት ዓመት በተሳቢ ቤት ኖረናል። የምጽፍልሽ እዚያ ውስጥ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ክርክራችሁን እንፍታ። በእናንተ ሁኔታ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። የሚጎተተውን ያዙ።

ምክንያቴ ልጆቹ ናቸው። ሞተሩ አብሮት ባለው ቤት ልጆች በጉዞ ላይ የሚቀመጡት እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ብሮሹሩ «ስድስት ሰው ያስተኛል» ይላል። ስድስት ሰው ያስተኛል ማለት ግን ስድስት ሰው ቀበቶ አስሮ ይጓዝበታል ማለት አይደለም። ገብታችሁ ቀበቶውን በእጃችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ከፊት ካሉት ሁለት ወንበሮች ሌላ ቀበቶ ያለው ሶፋው ላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ሶፋው ደግሞ ወደ ጎን የዞረ ነው። የሕፃን መቀመጫ ወደ ጎን በዞረ ወንበር ላይ አይታሰርም። ትንሹ ልጅሽ በፒካፑ የኋላ ወንበር ላይ በራሱ መቀመጫ ታስሮ ቢሄድ እናንተም ልባችሁ ያርፋል። አደራ የምልሽ ግን፣ ተሳቢው እየተጎተተ ማንም ሰው ውስጡ እንዳይሆን። «ሕፃኑ ተኝቷል፣ አናስነሳው» ተብሎም ቢሆን አይደረግም።

ሁለተኛው ምክንያት ጋራዥ ነው። የሞተሩ ቤት የተበላሸ ዕለት አልጋችሁም፣ ምድጃችሁም፣ የልጁ ዳይፐርም አብሮ ጋራዥ ይገባል። ተሳቢ ከሆነ ፒካፑ ይሄዳል፣ ቤቱ በቦታው ይቆያል። ደግሞ ልጅ ታሞ ሌሊት ሐኪም ቤት መሄድ ቢያስፈልግ ቤቱን ሙሉ ይዞ መነሳት የለም።

ባለቤትሽም እውነት አለው። በየሁለት ቀኑ ቦታ ለሚቀይር ሰው የሞተሩ ቤት ይመቻል። ዝናብ እየጣለ ወርደሽ መንጠቆ መፍታት የለብሽም። ተሳቢን ወደኋላ መንዳትም ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ሳይለማመድ መንገድ እንዳይወጣ። ግን ሥራ ያለው አባትና ትምህርት ያላቸው ልጆች በየሁለት ቀኑ አይጓዙም። አንድ ቦታ ሁለትና ሦስት ሳምንት ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ ነው የተሳቢው ሚዛን የሚደፋው።

አሁን ወደ ጎደለው ነገር። ስለ ክብደት አንድም ቃል አልጻፍሽም። እኔም ስጀምር አላሰብኩትም ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

እያንዳንዱ ተሳቢ ላይ ከነጭነቱ ከስንት ኪሎ ማለፍ እንደሌለበት የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፏል። ከዚያ ላይ ባዶ ክብደቱን ቀንሺ። የሚተርፈው የእናንተ ኑሮ ነው። ለምሳሌ የተፈቀደው 3,500 ኪሎ፣ ባዶው 2,900 ኪሎ ቢሆን የቀራችሁ 600 ኪሎ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 150 ሊትር ታንከሩን ስትሞሉ 450 ኪሎ ቀረ። ለአምስት ስታካፍይው ለአንድ ሰው 90 ኪሎ ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ ልብስ፣ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ አስቤዛ፣ ደብተር፣ መጫወቻ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የመፍቻ ሳጥን፣ የውሃ ጎማና ባትሪ ሁሉ ይወጣል። 90 ኪሎ ብዙ ከመሰለሽ አንድ ቀን የኩሽናሽን ዕቃ በካርቶን አድርገሽ ሚዛን ላይ አውጪው። እኔ ያን ባደረግሁ ቀን ግማሹን ዕቃ ለሰው ሰጠሁ።

ባዶ ክብደቱንም ዝም ብለሽ አትመኚ። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረ ዳስ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ ጣሪያ ላይ የተሰካ የአየር ማቀዝቀዣ ካለ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር እሱን አያውቀውም። ከመግዛታችሁ በፊት የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ይውጣ። «አያስፈልግም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ፒካፑም የራሱ ሒሳብ አለው። ሻጮች የሚነግሩሽ ስንት እንደሚጎትት ነው። አንቺ የምትጠይቂው ስንት እንደሚሸከም ይሁን። ተሳቢው ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በጋንቾው በኩል ፒካፑ ላይ ይጭናል። ለ3,500 ኪሎ ተሳቢ ይህ ከ350 እስከ 525 ኪሎ ነው። እዚያ ላይ እናንተ አምስታችሁ ተቀምጣችኋል፣ ካሶኒው ላይ ብስክሌት አለ፣ ጀነሬተር አለ። ብዙ ፒካፕ ሦስት ተኩል ቶን እየጎተተ ይሄዳል፤ ጀርባው ላይ ያለውን ግን አይችለውም። የኋላ ባሌስትራው ሲጎብጥ የፊት ጎማው ይቀላል፤ ያኔ መሪውም ፍሬኑም እንደ ድሮው አይታዘዝም።

ይህን ፈርታችሁ ከባዱን ዕቃ ከተሳቢው ኋላ እንዳትከምሩት። የኋላው ሲከብድ ተሳቢው ጭራውን ይወዘውዛል። አንዴ መወዝወዝ ከጀመረ ፒካፑን ይዞ ከመንገድ ሊወጣ ይችላል። ከባዱ ዕቃ ከጎማዎቹ በላይና ትንሽ ወደፊት፣ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ቀላሉ ላይ ይሁን። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሕይወት ያተርፋል።

ጋንቾው ከኋላ ሳይሆን ካሶኒው መሃል ላይ የሚያርፍ ትልቅ ዓይነት ተሳቢም አለ። አካሄዱ የተረጋጋ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ዕቃ ማስቀመጫውም ሰፊ ነው። ጫናው ግን ከዚያኛው ይበልጣል፤ ፒካፑ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ካሶኒውም ለሌላ ዕቃ አይሆንም። አቅማችሁ ከፈቀደ ለአምስት ሰው እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ውስጡን የምትመርጡበት መንገድ ደግሞ ይኸውና። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። አምስታችሁም ግቡና በሩን ዝጉ። ለአንድ ሰዓት አትውጡ። ዝናብ ሙሉ ቀን የጣለ ነው እንበል። ባለቤትሽ ላፕቶፑን ከፍቶ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሆኖ ይናገር። አንቺ ምድጃው ጋ ቁሚ። መካከለኛው ልጅ የቤት ሥራ ይሥራ፣ ትንሹ የተለመደውን ሩጫውን ይሩጥ። አንድ ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ ቢነሳ ስንት ሰው መነሳት አለበት? እርጥብ ጫማ የት ይወልቃል? ባለቤትሽ እየሠራ ትንሹ ቀን የት ይተኛል? ፀሐያማ ቀን ሁሉም ቤት ይመቻል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ውጭ ነው። ቤቱን የምትመርጡት ለክፉው ቀን ነው።

እኛ እንዲህ አድርገን አንድ በጣም የወደድነውን ቤት ጥለን ወጣን። ኩሽናው ያምራል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ግን ፍሪጁ ሲከፈት የሽንት ቤቱ በር አይከፈትም። ቆመን ስናየው አላስተዋልነውም፤ ልጄ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ ነው ያየነው።

ግድግዳው ወደ ውጭ እየተገፋ ክፍሉን የሚያሰፋው ዓይነት ከሆነ፣ ሰብስባችሁትም ሞክሩ። ተሰብስቦ እያለ ሽንት ቤት፣ ፍሪጅና ቢያንስ አንድ አልጋ ጋ መድረስ ካልተቻለ መንገድ ዳር ቆም ብሎ ምሳ መብላት እንኳ ጣጣ ይሆናል። ግድግዳውን የሚገፋው ሞተር ወይም ሐዲዱ እምቢ ያለ ቀን ደግሞ ቤታችሁ በግማሽ ይጠባል።

በር ያለው ክፍል ሁለት ያስፈልጋችኋል። አንዱ የእናንተ መኝታ፣ ሌላው ተደራራቢ አልጋ ያለው የልጆች ክፍል። መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም። ከኋላ ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራ ባዶ ክፍል ያለው ተሳቢም እዩ። ለቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ወለሉ ክብደት እንዲሸከም ታስቦ ስለሚሠራ ቀን ቢሮ፣ ማታ የልጆች መኝታ ማድረግ ይቻላል። ተደራራቢ አልጋው ላይ የተጻፈውን የኪሎ ገደብም አንብቡ። ለትንሽ ልጅ ታስቦ የተሠራ አልጋ ልጅቷ 15 ዓመት ሲሞላት አይሸከማት ይሆናል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? እኔ ያገለገለ እላለሁ፤ ግን ውሃ ያልገባበት። የመጀመሪያውን ስንገዛ ሻጩ «ጣሪያው አዲስ ነው» አለን። መገጣጠሚያውን የሚያሽገው ሲልከን እውነትም ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። በሦስተኛው ወር ልጄ አልጋዋ ጥግ ላይ ግድግዳውን በጣቷ ስትነካ ጣቷ ገባ። እንደ ረጠበ ዳቦ ነበር። ቆዳውን ገለጥ ስናደርገው ኮምፔንሳቶው ጠቁሮ፣ እንጨቱ በጥፍር የሚፈረፈር ሆኖ አገኘነው። አዲስ የተቀባው ሲልከን አሮጌውን ቁስል ነበር የሸፈነው። ያንን ጥግ ለማደስ አንድ ወር ሙሉ ከአልጋዋ ተፈናቅላ ሶፋ ላይ ተኛች።

ስለዚህ ስታዩ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። ቁም ሣጥን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ የምድር ቤት ሽታ ካለ ተመለሱ። በየጥጉ፣ በመስኮት ሥር፣ በጣሪያ መተንፈሻ ዙሪያ በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ። ሽንት ቤቱ ዙሪያ ወለሉን ርገጡ። ከውጭ በኩል ግድግዳውን በጎን አንጋጣችሁ እዩት፤ አረፋ የመሰለ ማበጥ ካለ ሽፋኑ ከውስጡ ተላቋል ማለት ነው። የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ከገዛችሁም በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ መገጣጠሚያውን ሁሉ ተመልከቱ።

ጎማው አበባው ያልተነካ ቢመስልም ዕድሜውን አንብቡ። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ተሳቢ ብዙ ስለሚቆም ጎማው ከመንገዱ ይልቅ በፀሐይና በዕድሜ ይሞታል። 6 ዓመት ካለፈው እኔ አላምነውም።

አዲስ ካላችሁ ግን የዋስትናውን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። ብዙ አምራቾች ዋስትናውን የሚሰጡት ለመዝናኛ ጉዞ ነው። ሙሉ ጊዜ የሚኖርበት ሰው ከሆነ አይሠራም ብለው ይጽፋሉ። ኢንሹራንሱም እንዲሁ ነው። ቋሚ ቤታችሁ መሆኑን አትደብቁ፤ ተደብቆ የተገዛ ኢንሹራንስ በጉዳት ቀን ወረቀት ብቻ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ምን ትቀይራላችሁ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ምንም አትቀይሩ። ቀለም አትቀቡ፣ ሶፋ አትንቀሉ። ኑሩበትና ማስታወሻ ያዙ። ሰው ስንት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጭንቅላቱን ይመታል? የቱ መሳቢያ በጉዞ ላይ ይከፈታል? ማን የት መቀመጥ ይወዳል? ከዚያ በኋላ የምታፈርሱትን ታውቃላችሁ። የምትጨምሩት እንጨት ሁሉ ከዚያ 450 ኪሎ ላይ እንደሚቀነስ ደግሞ አትርሱ።

ከመጀመሪያው ቀን የማይጠብቅ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ጋዝና ጭስ ነው። የምድጃው ጋዝ፣ ፕሮፔን፣ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። የእሱ ማንቂያ ዝቅ ብሎ ወለሉ አጠገብ መሰቀል ያለበት ለዚህ ነው። ከሚነድ ነገር የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። የራሱ ማንቂያ መኝታው አካባቢ ይኑር። ሁለቱም የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አላቸው፤ ጀርባቸውን ገልብጣችሁ እዩ። ብርድ ቢጠና እንኳ ቤቱን በማብሰያ ምድጃ እንዳታሞቁ። የማምለጫ መስኮቱን ልጆቹ ራሳቸው እንዲከፍቱት አለማምዷቸው። ብዙ ጊዜ የመስኮቱ ዙሪያ ጎማ ተጣብቆ በልጅ ጉልበት አይከፈትም፤ ይህን በሰላሙ ቀን ነው ማወቅ ያለባችሁ። ለትንሹ ደግሞ በሩ ላይ ከፍ ያለ መቀርቀሪያ፣ የምድጃው ቁልፍ ላይ መሸፈኛ አድርጉ። ደረጃው ቁልቁለት ነው።

ቀጥሎ እርጥበት። አምስት ሰው በጠባብ ቤት ሲተነፍስ ማታውን መስኮቱ ያለቅሳል። 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ደግሞ ከ1.6 ኪሎ በላይ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል፤ ምድጃ ስትለኩሺ ያ ሁሉ ቤት ውስጥ ይቀራል። አንድ ጠዋት የልጆቹን ፍራሽ ሳነሳ ሥሩ ያለው ጣውላ በላብ እንደራሰ ሸሚዝ ሆኖ ነበር። ሻጋታው ጥቁር ነጥብ ነጥብ አውጥቷል። ከዚያ በኋላ ከፍራሽ ሥር ጣውላውን በርብራብ እንጨት ቀየርነው፤ አየር ከሥር ሲያልፍ ነገሩ ተሻለ። ስታበስሉ የጣሪያውን መተንፈሻ ክፈቱ፣ በብርድም ቢሆን ማታ ጣት የምታህል ክፍተት ተዉ። ቁም ሣጥን ውስጥ ዕቃ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አይጠቅጠቅ።

የኤሌክትሪኩን ነገር ባለቤትሽ ሒሳብ ስለሚወድ ለእሱ እተወዋለሁ፤ መነሻውን ግን ልስጠው። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ግን አብዛኛውን ይሰጣል፣ ክብደቱም በጣም ያነሰ ነው። 60 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ 8 ሰዓት ቢሠራ 480 ዋት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ፍሪጁ፣ የውሃ ፓምፑ፣ መብራቱና ኢንተርኔቱ አለ። የቀኑን ደምሮ በእጥፍ ባትሪ ያስቀምጥ፣ ደመና የሆነ ቀን አለና። ሊቲየሙ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ስለዚህ ውስጥ ብርድ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። የአየር ማቀዝቀዣውን ነገር ከባትሪ አትጠብቁ። ለእሱ የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ማቆሚያ ይሻላል።

ስለ ሽንት ቤቱ አንድ ነገር ብቻ። የፍሳሽ መስመር ላይ ተሰክታችሁ ስትቀመጡ የጥቁሩን ታንከር፣ ማለትም የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበትን፣ ቫልቭ ክፍት አትተዉት። ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ሥር ይቀራል፤ ቆይቶ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። ዘግታችሁ ቆዩ፣ ሊሞላ ሲል ነው የሚለቀቀው፣ ውሃም አትሰስቱበት።

አሁን ወደ ትልቋ ልጅሽ። ደብዳቤሽን ስጨርስ በልቤ የቀረችው እሷ ናት። 12 ዓመት ማለት በርን መዝጋት የሚያስፈልግበት ዕድሜ ነው። እናንተ ያገኛችሁት ነፃነት ለእሷ በሯን የሚወስድባት ነገር ሆኖ ነው የታያት። አትቆጧት፤ «ትለምጂዋለሽ» አትበሏትም። የምትመርጡትን ቤት ስታዩ አልጋዋን እሷ ቀድማ ትምረጥ። የራሷ መብራት፣ የራሷ ሶኬት፣ ማንም የማይከፍተው አንድ መቆለፊያ ያለው ሣጥን ይኑራት። ክብደት ስታካፍሉ ከ90 ኪሎዋ ምን እንደምትይዝ ራሷ ትወስን። የእኔዋ 11 ኪሎ መጽሐፍ ይዛ ጫማዋን ተወች። ከጓደኞቿ ጋር የምታወራበት ሰዓት ደግሞ ልክ እንደ አባቷ ስብሰባ የተከበረ ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን የቤት ኪራይ ውላችሁን እንዳታፈርሱ። መጀመሪያ አንድ ተሳቢ ለሁለት ሳምንት ተከራዩ። ጥሩ የአየር ሁኔታ አትጠብቁ፤ ብርድና ዝናብ ባለበት ወቅት ይሁን። ባለቤትሽ ፈቃድ ሳይወስድ ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹ ትምህርታቸውን እየተማሩ። ስትመለሱ ጻፊልኝ፤ በተለይ ልጅሽ የቱን አልጋ እንደመረጠች ንገሪኝ።